ማን ከማን ጋር ይሰለፍ?

ስለ አንድ ታዳጊ ተጫዋች ስናወራ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ጥያቄ «ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ፍጥነቱን፣ ግራ እግሩን፣ ቁመቱን እናያለን። ዕድሜውንም እንጠይቃለን፤ የዕድሜ ነገር እንኳ በእኛ ሀገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ይቆየን። ግን ይህ ሁሉ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላኛው ግማሽ «ከማን ጋር?» የሚለው ነው። ብቻውን ሲታይ ተራ የሚመስል ልጅ ኳሱን መቼ እንደሚለቅለት የሚያውቅ ጓደኛ አጠገቡ ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። ተገላቢጦሹም አለ፤ አምስት ጎበዝ አጥቂ ሰብስቦ አንድ የፊት መስመር ማጣት ይቻላል።

የብሔራዊ ቡድናችን ታሪክ ይህንን በሁለት ቀኖች ያሳየናል። ሁለቱም ጥር 13 ናቸው፤ አንዱ የ1954፣ ሌላው የ2005 ዓ.ም.። በመካከላቸው 51 ዓመት አለ። ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው አንድ ነገር ይገለጣል፦ የፊት መስመር በአሰልጣኝ ወረቀት ላይ አይፈጠርም። አሰልጣኙ ከመድረሱ በፊት፣ የሆነ ቦታ፣ አብሮ እየተጫወተ ያድጋል። ታዲያ ያ «የሆነ ቦታ» የት ነው? ፓዌስ ሊሆን ይችላል?

መራጭ የሌለው ጨዋታ

ከኳሱ በፊት ገና ነበረ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ሩር፣ ሰፊ ሜዳ። ፈረንጅ ሆኪ ከሚለው ጋር የሥጋ ዘመድ ሊባል ይችላል። በገና ጨዋታ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ቡድን አይመርጥም። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ወይም አንዱ መንደር ከሌላው ይገጥማል። የተወለድክበት ቦታ ቡድንህ ነው። በዚያ ቀን ትልቅና ትንሽ፣ ጌታና ሎሌ መባባል ለጊዜው ይቀራል።

ይህ ዓይነቱ አደረጃጀት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አብረው የሚሰለፉት ልጆች አብረው ከብት የጠበቁ ናቸው። ማን ወደየት እንደሚሮጥ ለመገመት ልምምድ አያስፈልጋቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲለማመዱ ነው የከረሙት። ጉዳቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከመንደርህ ውጭ ያለው ጎበዝ መቼም ያንተ አይሆንም።

ብሔራዊ ቡድን ይህንን ጉዳት ይፈታል። ከሀገር ሁሉ መምረጥ ትችላለህ። በምትኩ ግን ጥቅሙን ታጣለህ፤ የመረጥካቸው ልጆች አይተዋወቁም። ከዚያ በኋላ ያለው የአሰልጣኝ ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መዋለል ነው ማለት ይቻላል።

አራት ለዜሮ፣ ሁለት ጊዜ

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ በዚህ የተነሳ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነበር። በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ በግብፅ በድጋሚ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለቱ ውድድሮች ሦስት ጨዋታ ተጫወትን፤ ዘጠኝ ጎል ገባብን፤ እኛ አንድም አላገባንም።

እንግዲህ በ1951 ተቀምጦ ይህንን ቡድን የሚገመግም ሰው ምን ይል ነበር? «ፊት ላይ ሰው የለንም» ቢል ማን ይከራከረዋል? ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን ስናይ ግን ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ጎሎቹን የሚያገቡት ልጆች ያኔም በሀገር ውስጥ ነበሩ፤ ኳስም ይጫወቱ ነበር። ገና አንድ መስመር አልሆኑም እንጂ።

አምስቱ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ የቀድሞ ተጫዋች፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እስከ ዕለተ ሞታቸው የመሩ ሰው። ጥር 6 ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። እሑድ ጥር 13፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ያቺው ግብፅ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ስም ለፍጻሜ ቀረበች።

የኢትዮጵያን አሰላለፍ ከኋላ ወደ ፊት ሲያነቡት የመጨረሻዎቹ አምስት ስሞች እነዚህ ናቸው፦ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ጌታቸው ወልዴ። አምበሉ ሉቺያኖ 26 ዓመቱ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በዛሬ ቋንቋ «ተስፈኞች» ልንላቸው እንችላለን።

ጨዋታው ቀላል አልነበረም። ባዳዊ ለግብፅ በመጀመሪያው አጋማሽ አገባ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳንደሰት ባዳዊ ደገመ። በ84ኛው ደቂቃ ከቫሳሎዎች እግር የወጣች ኳስ ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት ወሰደችው። ከዚያ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጠሩ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

አራቱም ጎሎች ከፊት መስመሩ ናቸው፤ ግን ከአንድ ሰው አልመጡም። በ1949 ያሸነፈን አንድ አድ ዲባ ነበር። በ1954 ያሸነፍነው በተሰናሰለ መስመር ነው። በውድድሩ መንግሥቱ ከባዳዊ ጋር እኩል ሦስት ጎል አግብቶ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ እነዚያ ጎሎች ግን ዙሪያው ያሉትን ትተን ለብቻቸው የምንቆጥራቸው አይደሉም። በመስመሩ ውስጥ አንድ ጥንድ ደግሞ ማንም አሰልጣኝ ሊያሠለጥነው የማይችለው ዓይነት ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከአንድ ቤት።

እውነቱን ለመናገር ይህንን ድል ማጋነንም አይገባም። ውድድሩ አራት ቡድን ብቻ ነበረው፤ ሜዳውም የራሳችን ነበር፤ ዋንጫው በሁለት ጨዋታ ተገኘ። ቢሆንም 4 ለ 0፣ 4 ለ 0 ካሸነፈህ ቡድን ፊት ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መመለስ በአጋጣሚ ብቻ አይሆንም።

መስመሩ የበቀለበት መንገድ

እነዚህ ልጆች ከየት መጡ? የቡድኑን ካርታ ብንሥል ጥቂት ከተሞች ላይ ይሰበሰባል። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ የአስመራ ልጆች ናቸው። ቫሳሎዎቹ እዚያ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት ተወለዱ። ሉቺያኖ በኋላ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ኮተን ተጫዋች ሆነ። የተቀሩት ከአዲስ አበባ ክለቦች ናቸው።

አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ አስመራ። ሦስቱም ባቡር ያለባቸው፣ ፋብሪካና ደሞዝ ያለባቸው ከተሞች ነበሩ። ፋብሪካው ቡድን ያቋቁማል፤ ቡድኑ በየሳምንቱ ይጫወታል፤ በየሳምንቱ የሚጫወቱ ልጆች ይተዋወቃሉ። ይድነቃቸው የመረጡት ያደገውን ነው። ያላደገውን፣ ወይም አድጎ መንገድ ያልደረሰበትን ሊመርጡ አይችሉም ነበር። በዚያ ጊዜ በጣና ዙሪያ፣ በጋሞ ተራሮች፣ በበለስ ወንዝ ዳር ስንት መንግሥቱ ወርቁ ከብት ይጠብቅ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ዋንጫ በኋላ አሥር ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 1955፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ። ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ወሰደ፤ በስተመጨረሻ ሁለት ሀገር ሆንን። ስለ ዋንጫው ስንዘፍን ይህንን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ያ የፊት መስመር የበቀለበት መሬት ግማሹ ዛሬ ከድንበሩ ማዶ ነው።

ሁለተኛው ጥር 13

በ1974 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ የሄደውን ቡድን ያሠለጠነው ያው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ጠፋን። የመለሱን የሰውነት ቢሻው ዋልያዎች ናቸው። ጳጉሜ 2004 ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸነፈችን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አንድ አንድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። የዚያን ማታ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ ሰው እንቅልፍ የተኛ አይመስለኝም።

ሳላዲን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጅ ነው። ለጽሑፋችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባቡር ካልደረሰበት፣ የጥጥ ፋብሪካ ካላቋቋመው አካባቢ የወጣ ልጅ የሀገሪቱን የፊት መስመር መራ።

ጥር 13 ቀን 2005 በደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ከተማ፣ ከወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ጋር ተጫወትን። ሳላዲን የመታት ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰች፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው ከኋላ ተነስተን በአዳነ ጎል 1 ለ 1 ወጣን። ኩራት ነበር። ቀጥሎ ግን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። በሦስት ጨዋታ ያገባነው አንድ ጎል ብቻ።

ልዩነቱ የት ነው? የልጆቹ ችሎታ አንሶ ነው ማለት ይከብደኛል። ሳላዲን በዚያ ጊዜ ለግብፁ ዋዲ ዴግላ ይጫወት ነበር። ከስዊድንና ከአሜሪካ የተጠሩ ልጆች ነበሩ። የተቀሩት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ክለቦች፣ ቅዳሜና እሑድ እርስ በርስ የሚጋጠሙ ባላንጣዎች። ይህ መስመር የሚገናኘው ካምፕ ሲገባ ነው። ካምፕ ደግሞ ቅርጽ ያስተምርሃል እንጂ ጓደኛህ አንገቱን ሳያዞር ወዴት እንደሚሄድ አያስተምርህም። መንገዱ ሰፍቷል፤ መራጩ ሩቅ ማየት ችሏል፤ ልጆቹን ግን አንድ አንድ አድርጎ ነው የሚያመጣቸው።

ፓዌ

አሁን ወደ በለስ ሸለቆ እንውረድ። ፓዌ በመተከል ዞን፣ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። የዛሬዋ ፓዌ የ1977 ድርቅና የደርግ ሰፈራ ውጤት ናት። ሰው ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታ፣ ከሐድያ መጣ። ያረፉበት ምድር ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ሕዝብ መሬት ነበር። ጣልያን በጣና በለስ ፕሮጀክት ገንዘብና ማሽን አስገባች። መንደሮቹ በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም «የት ነህ?» ሲባል ቁጥር የሚመልስ ሰው አለ።

«ምልመላ» የሚለው ቃል ለኳስ ተመልካች ደስ የሚል ቃል ነው። በ1977 ግን ምልመላ ማለት ለሰፈራ መመረጥ ማለት ነበር። ሳይፈልጉ የተመለመሉ ነበሩ፤ ባል በአንድ አውቶቡስ፣ ሚስት በሌላ፣ ወይም ጭራሽ ሳትሄድ የቀረችበት ቤተሰብ ነበር። መልማዩ የሚቆጥረው ራስ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አይጠይቅም። አንድን ሰው ከሚያውቁት ሰዎች ነጥሎ መውሰድ ምን እንደሚያስከፍል ፓዌ ከማንም አሰልጣኝ በፊት ታውቃለች።

ያም ሆኖ ሕይወት ቀጠለ። የነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከጉሙዝና ከሺናሻ ልጆች ጋር በአንድ ገበያ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አደጉ። ኳስ ሜዳ ላይ «አቀብል!» ለማለት የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠየቅም። አያቶቻቸው የማይግባቡ ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ የሚግባቡ አጥቂዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያ ደግሞ፣ በተለይ በ2012 እና በ2013፣ መተከልን ያመሳት ግጭት መጣ፤ ሰው ሞተ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ሰው ሲፈናቀል ከሚጠፋው ሁሉ ኳስ ትንሹ ነገር ነው። ቢሆንም አንድ ቤተሰብ ሌሊት ሲሸሽ አንድ ጥንድም አብሮ ይፈርሳል። ግራ ክንፉ ቻግኒ መጠለያ ውስጥ ነው፤ አቀባዩ የት እንዳለ አይታወቅም።

ስለዚህ የፓዌን ታዳጊዎች የሚገመግም ሰው ማስታወሻው ላይ ስም ብቻ አይጻፍ። ልጁን ከተማ ጠርቶ፣ ከማያውቃቸው ሃያ ልጆች ጋር ለአንድ ሰዓት አሰልፎ መፍረድ የ1954ቱን ኢታሎ ያለ ሉቺያኖ እንደመገምገም ነው። ወደ ሜዳው ይሂድ። ሁለት ሦስት ጨዋታ ይይ። ጎል ያገባውን ሲጽፍ ያቀበለውንም ይጻፍ፤ ኳስ ሲነጠቅ ማን ተመልሶ እንደሮጠለትም ይጻፍ። ልጁ ጓደኛው በሌለበት ቀን እንዴት እንደሚጫወትም ይይ፤ ያኔ የራሱ የሆነውና የጥንዱ የሆነው ይለያል። የሚወስድ ከሆነ ደግሞ፣ ከቻለ፣ ሁለቱን ይውሰድ።

አንድ ሳላዲን ከክልሉ መውጣቱ ልጆቹ እንዳሉ አረጋግጧል። ቀጣዩ ጥያቄ ክልሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሜዳ፣ መላክ ይችላል ወይ የሚል ነው። ለዚያ ደግሞ ከመራጭ በፊት ልጆቹ ሳይበታተኑ አራት አምስት ዓመት አብረው የሚጫወቱበት ሰላማዊ ሜዳ ያስፈልጋል።