የእንግዳ ማደሪያና ንጹሕ አየር፤ አጭር የታሪክ ሐተታ

መንገደኛ ወደ ሆቴል በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው አልጋውንና አንሶላውን፥ ቀጥሎም የመታጠቢያውን ውሃ ነው። የክፍሉን አየር የሚመረምር ግን ጥቂት ነው፤ አየር አይታይምና። በአገራችንማ መስኮት መክፈት «ብርድ ያስመታል» ተብሎ ስለሚፈራ፥ በአውቶቡስም ሆነ በመኝታ ቤት ሁሉን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት የተለመደ ነው። እኛም ይህን ሐተታ ለመጻፍ የተነሣነው፥ ሰዎች ስለ ክፍል አየር ያላቸው አሳብ ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ እንዴት እንደ ተለዋወጠ፥ አየር በተናቀበትም ጊዜ የደረሰው ጉዳት ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ከአውሮፓ ሐኪሞች ብዙዎቹ በሽታ የሚመጣው ከብስባሽና ከቆሻሻ ከሚነሣ ክፉ አየር ነው ይሉ ነበር። ፈረንጆች ለወባ የሰጡት «ማላርያ» የሚለው ስም በጣልያንኛ «ክፉ አየር» ማለት መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1859 ስለ ሕሙማን አያያዝ ባሳተመችው መጽሐፍ፥ የመጀመሪያው ደንብ የታማሚው ክፍል አየር እንደ ውጪው ንጹሕ እንዲሆን ማድረግ ነው ስትል አስተማረች።

ነገሩን በቍጥር የመረመረው ግን በሙኒክ ከተማ ያስተምር የነበረው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነው። በ1858 ባወጣው ጥናት፥ በክፍል ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከ1,000 እጅ 1 እጅ እንዳያልፍ ወሰነ። ይህን ያለው ጋዙ በዚያ መጠን መርዝ ስለ ሆነ አይደለም። ከሰው ትንፋሽ የሚወጣ በመሆኑ፥ የክፍሉ አየር ምን ያህል እንደ ተተነፈሰ ስለሚያስታውቅ ነው እንጂ። ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከዚህ በኋላ ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስያን ባገኘ ጊዜ የክፉ አየር ትምህርት መሠረቱ ተናጋ። ፔተንኮፈር ስለ ኮሌራ ከኮኽ ጋር ተከራክሮ በ1892 የኮሌራ ተሕዋስያን ያሉበትን ፈሳሽ እስከ መጠጣት ቢደርስም፥ ከሞትም ቢተርፍ፥ ክርክሩን አላሸነፈም። ሐኪሞች ክፉ አየርን መጣላቸው እውነት ነበር፤ ነገር ግን ከስሕተቱ ጋር ለአየር የነበረው ጥንቃቄ አብሮ ቀለለ። በአሜሪካ የማሞቂያና የአየር መሐንዲሶች ማኅበር በ1895 ለአንድ ሰው በደቂቃ 850 ሊትር ያህል አዲስ አየር እንዲገባ ወስኖ ነበር። በ1936 የታተመው የያግሉ ጥናት መስፈርት ያደረገው ግን ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው የሰውነት ጠረን ይሰማው እንደ ሆነ ነው እንጂ ሕመምን አልነበረም። ከ1973 የነዳጅ ችግር በኋላም ነዳጅ ለመቈጠብ ሲባል ሕንጻው ሁሉ ይደፈን ጀመር፤ በ1981 የወጣው ደንብ ትምባሆ በማይጨስበት ክፍል መጠኑን ወደ 140 ሊትር ገደማ ዝቅ አደረገው።

ይህ ከመሆኑ አምስት ዓመት አስቀድሞ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ደርሶ ነበር። በሐምሌ ወር 1976 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በፊላደልፊያ ከተማ በቤልቪው ስትራትፎርድ ሆቴል ተሰበሰበ። ከስብሰባው በኋላ 221 ሰዎች በሳንባ ምች ዓይነት ሕመም ታመው 34ቱ ሞቱ። ከነዚህም አንዳንዶቹ በሆቴሉ አጠገብ በመንገድ ከማለፍ በቀር ወደ ውስጥ ያልገቡ ነበሩ። ሆቴሉ በዚያው ዓመት በኅዳር ተዘጋ። ጆሴፍ ማክዴድ የተባለው ሊቅ ምክንያቱን አገኘ፤ በጥር 1977ም ለሕዝብ ተገለጸ። ሌጅዮኔላ የተባለው ይህ ተሕዋስያን በውሃ ውስጥ የሚኖርና እንደ ጉም በደቀቀ የውሃ ነጠብጣብ ወደ ሳንባ የሚገባ ነው። ስለዚህ አየርን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ የሚጠቀምበት ውሃ ካልተጠበቀ፥ ለእንግዳው ምቾት የተተከለው ለሕመሙ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ታወቀ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከሆንግ ኮንግ መጣ። በየካቲት 21 ቀን 2003 አንድ የታመመ የ64 ዓመት ሐኪም በሜትሮፖል ሆቴል 9ኛ ፎቅ አንዲት ሌሊት አደረ። የያዘው ሳርስ የተባለው በሽታ ነበር። በዚያ ፎቅ ያደሩና የተመላለሱ እንግዶች በሽታውን ይዘው ወደ ቶሮንቶ፥ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ሃኖይ ሄዱ። ወረርሽኙ በዓለም እስኪቆም 774 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች በኋላ የበሽታውን ርዝራዥ ያገኙት በክፍሉ ደጃፍ በተነጠፈው ምንጣፍና በአሳንሰሩ አካባቢ ነበር።

ከዚህ በላይ ከገለጽነው የምንረዳው፥ የጥንቶቹ ሐኪሞች በምክንያቱ ቢሳሳቱም በጥንቃቄው አለመሳሳታቸውን ነው። አየር ራሱ በሽታን አይወልድም፤ የተዘጋ አየር ግን የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው ያቀብላል። መሐንዲሶቹም በ1989 መጠኑን ወደ 425 ሊትር ገደማ መልሰው ከፍ አድርገውታል።

ለአገራችንም ትምህርት አለው። እቴጌ ጣይቱ በዐዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙበት ዘመን ማቀዝቀዣ መሣሪያ ስላልነበረ የክፍሉ አየር የሚታደሰው በመስኮትና በበር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን መስኮታቸው የማይከፈት የመስተዋት ሕንጻዎች እየበዙ ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የክፍሉን አየር አቀዝቅዞ ይመልሳል እንጂ ከውጪ አዲስ አየር አያስገባም። በልማዳችን እንግዳ ሲመጣ እግሩ ታጥቦ፥ ምግብ ቀርቦለት፥ የተሻለው መኝታ ይሰጠው ነበር። ሆቴል የሚያሠራ ሰውም ከመኝታው ጋር የሚከፈት መስኮት ቢያዘጋጅ፥ የመሣሪያውንም ውሃ ቢያስመረምር፥ ለእንግዳው የሚገባውን አደረገ እንላለን። እንግዳውም ከመተኛቱ በፊት መስኮቱን ጥቂት ጊዜ ይክፈት፤ ብርድ ከፈራ ጋቢ ይደርብ።