ከተቋረጠበት የመቀጠል ጥበብ፦ የፋይል ማስተላለፍ አጭር ታሪክ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጌዶ የጨሊያ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከእንደዚህ ያለች ከተማ የደመወዝ ወይም የሕሙማን መዝገብ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲላክ፣ መድረሱ የሚታወቀው በተረካቢው ፊርማ ነው። መዝገቡ በመስመር ሲተላለፍስ ፊርማውን የሚተካው ምንድን ነው? በትእዛዝ ፋይል የማስተላለፍ ታሪክ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሕንዳዊው አብሃይ ቡሻን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤፍ.ቲ.ፒ. የተባለውን የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ ጻፈ። ባለሙያው «ጌት» ብሎ ፋይል ያመጣል፤ «ፑት» ብሎ ይልካል። ይሁን እንጂ ደንቡ የተወለደው ዘወትር ክፍት በሆነ መስመር ላይ ነበር።

የቴሌፎን መስመር ብቻ ለነበራቸው ይበልጥ የበጁት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ከርሚት ፋይሉን በትናንሽ ጥቅሎች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ጥቅል የማረጋገጫ ድምር ይዞ ይጓዛል፤ ድምሩ ካልገጠመ ጥቅሉ እንደገና ይላካል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ዜድሞደም ደግሞ ከተቋረጠበት ቦታ መቀጠልን አስገኘ። በሴኮንድ 2,400 ቢት በሚያሳልፍ ሞደም 100,000 የላቲን ፊደላት ለመላክ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መስመሩ በስድስተኛው ደቂቃ ቢቆረጥ፣ መቀጠል የማይችል መሣሪያ የውጭ አገር ጥሪውን ሒሳብ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ይህ ችግር ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ ቶም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረው የፊዶ ዘዴ ይሠራ ነበር። መልእክትና ፋይል ይጠራቀማል፤ ሞደሙ ለንደን ወደሚገኘው ግሪንኔት ይደውላል፤ በአንድ ጥሪም ያስረክባል፣ ይረከባል። ዘዴው መስመር ሁልጊዜ አይገኝም ከሚል እውነት የተነሣ ስለሆነ ለአገሩ ተስማማ።

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዓመታት በኋላም የወረዳ መቀመጫዎችን በሳተላይት ለማገናኘት ወረዳኔት ተዘረጋ። በዚያን ጊዜ ኤፍ.ቲ.ፒ. የይለፍ ቃልን ሳይሸሽግ ማሳለፉ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ኤስ.ኤስ.ኤች. ላይ የቆመው ኤስ.ሲ.ፒ. ቦታውን ያዘ። ሆኖም ኤስ.ሲ.ፒ. ቢቋረጥ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ የተሠራው አርሲንክ ግን የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል፤ «ፓርሻል» የሚለው ትእዛዝ ከተጨመረለትም የደረሰውን ግማሽ ሳይጥል ይቀጥላል።

መስመር የሚቋረጠው በብልሽት ብቻ አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ በኢንተርኔት የሚላክ ማናቸውም ፋይል በያለበት ቀርቷል። እንዲህ ያለውን መቋረጥ የትኛውም ትእዛዝ አይጠግነውም፤ መስመሩ ሲመለስ ምን እንደደረሰና ምን እንደቀረ ማወቅ ግን የባለሙያው ፋንታ ነው።

ጅራቱ የተቆረጠ የጽሑፍ መዝገብ ሲከፈት ምንም ስሕተት ላያሳይ ይችላል፤ የጎደለው ግን የአንድ መምህር ደመወዝ ወይም የአንድ ሕመምተኛ ስም ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ላኪው ትእዛዙን በመጻፉ ሥራው አያበቃም። የላኪና የተቀባይ የማረጋገጫ ድምሮች ተነጻጽረው አንድ ሲሆኑ፣ ያ የመዝገቡ የርክክብ ፊርማ ነው።