የጋራዥ ማሞቂያና ሁለቱ የማይታዩ አደጋዎች

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ አውቶሞቢል በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መንገዶች ላይ መብዛት በጀመረበት ዘመን፣ ባለመኪናው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ውርጭን ነበር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ተራ ውሃ ስለ ነበረ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች በወረደበት ሌሊት ውሃው ወደ በረዶነት ተለውጦ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ራዲያተሩን ይቀድዳል፣ የሞተሩንም ብሎክ ይሰነጥቃል። አልኮል በውሃው ላይ መጨመር የተለመደ ዘዴ ነበር፤ ሆኖም አልኮል ሞተሩ በጋለ ቁጥር እየተነነ ያልቃል፣ ራሱም ተቀጣጣይ ነው። በቀላሉ የማይተነው ኤትሊን ግላይኮል «ፕሬስቶን» በሚል ስም በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ድረስ የነበረው አማራጭ ወይ ማታ ማታ ውሃውን ማፍሰስ፣ ወይ የብርዱ ወራት እስኪያልፍ መኪናውን ማቆም፣ አለዚያም ጋራዡን ማሞቅ ነበር።

ጋራዥን ማሞቅ ግን መኖሪያ ቤትን እንደ ማሞቅ ቀላል ነገር አይደለም። ብርዱ እንዳይገባ በሩና መስኮቱ ይዘጋል፤ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ቤንዚን የያዘ መኪና ይቆማል፤ በመኪናው አጠገብ እሳት ይነዳል፤ መካኒኩም በመካከላቸው ሆኖ ይሠራል። ከዚህ ሁኔታ ሁለት አደጋዎች ይወለዳሉ። አንደኛው ከእሳቱና ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቤንዚኑ ተን ነው። የመጀመሪያው አይታይም፣ አይሸትምም። ሁለተኛው ቢሸትም እንኳ፣ የጋራዥ ሠራተኛ አፍንጫ ስለሚለምደው ሳይሸት የቀረ ያህል ነው። ስለዚህም ደህና ማሞቂያ የመምረጥ ታሪክ፣ የሰው ስሜት ሊደርስበት ያልቻለውን ነገር በመለኪያና በሙከራ የማወቅ ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያውን አደጋ ለማወቅ መኪና እስኪፈጠር መጠበቅ አላስፈለገም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያደረ የከሰል ምድጃ ሰው እንደሚገድል በኢትዮጵያ ደጋ አገርም ሆነ በፓሪስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የታወቀው ግን ውጤቱ እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ገዳዩ ጢሱ ይመስለዋል፤ ከሰሉ ቀልቶ ጢሱ ሲያልቅም ምድጃውን ያለ ሥጋት ወደ ቤት ያስገባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከምድጃው ሥር የሚገባው አየር ከከሰሉ ጋር ተዋሕዶ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም በላይኛው የጋለ ፍም መካከል ሲያልፍ ተጨማሪ ካርቦን ይዞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍሙ ላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሊቱ ስትጠፋ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይወጣል።

ጋዙ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የገለጠው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ነው። በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ጋዙ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ኦክሲጂንን ከቦታው እንደሚያስለቅቅ በ1857 ባሳተመው ትምህርቱ አብራራ። ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዝበት ኃይል ኦክሲጂንን ከሚይዝበት ከ200 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ በኋላ ተለካ። የሞተው ሰው ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚገኘውም ስለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ ታላቁ ደራሲ ኤሚል ዞላ በመስከረም 1902 በፓሪስ ቤቱ፣ የጢስ መውጫው በተደፈነ ምድጃ ምክንያት በመኝታ ክፍሉ ሞተ። እውቀት በመጽሐፍ ውስጥ መኖሩና በቤት ውስጥ መሥራቱ ለየቅል ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ጉዳዩን ከቤተ ሙከራ ወደ ሥራ ቦታ አወጣው። በ1895 ባሳተመው ጥናት ጋዙን በተመጠነ ልክ ራሱ እየሳበ፣ የገዛ ደሙንም እየመረመረ፣ እግሩ እስኪንገዳገድ ድረስ ሁኔታውን መዘገበ። በዓመቱ በዌልስ በቲሎርስታውን የከሰል ማዕድን ማውጫ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ከፍንዳታው በኋላ የተከተለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንጂ ፍንዳታው ራሱ አለመሆኑን አሳየ። ሁለት ግኝቶቹ ለጋራዥ ሠራተኛ በተለይ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ተመራዡ ሰው አእምሮው አስቀድሞ ስለሚደክም አደጋ ላይ መሆኑን አያውቅም፤ ባወቀ ጊዜም እግሩ አይታዘዘውም። ሁለተኛ፣ የሚሠራ ሰው ከተቀመጠ ሰው አብልጦ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይመረዛል። መዶሻ የያዘው መካኒክ በወንበር ላይ ከተቀመጠው ባለመኪና አስቀድሞ ይወድቃል ማለት ነው። ትናንሽ እንስሳት ከሰው ፈጥነው ስለሚመረዙ ለማስጠንቀቂያ እንዲያገለግሉ የመከረውም ይኸው ሰው ሲሆን፣ ካናሪ ወፎች በብሪታንያ የማዕድን ጉድጓዶች እስከ 1986 ድረስ በዚህ አገልግሎት ላይ ቆይተዋል።

የመኪና ጋዝ ልክ በቁጥር የተወሰነው ግን በመሿለኪያ ምክንያት ነው። በሃድሰን ወንዝ ሥር ኒው ዮርክን ከኒው ጀርዚ የሚያገናኘው የሆላንድ መሿለኪያ ሲታቀድ፣ በሺህ የሚቈጠሩ መኪናዎች በሚያልፉበት የተዘጋ መንገድ ሰው እንዴት ይተነፍሳል የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ነበረበት። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ የመኪናዎችን ጭስ ሲለካ፣ የየል ዩኒቨርሲቲው ያንዴል ሄንደርሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ በፈቃደኞች ላይ ሙከራ አደረጉ። በ10,000 የአየር እጅ ውስጥ 4 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለአንድ ሰዓት ቢሳብ ጉልህ ጉዳት እንደማያደርስ ወሰኑ። ኢንጂነር ኦሌ ሲንግስታድ በዚሁ ልክ ተመርቶ በ84 ቬንቲሌተሮች የመሿለኪያውን አየር በ90 ሴኮንድ የሚለውጥ ሥራ ሠራ፤ መሿለኪያውም በኅዳር 1927 ተከፈተ። ሄንደርሰንና ሃዋርድ ሃጋርድ ይህን እውቀት በ1923 ወደ ጋራዦችና ወደ ጥገና ቤቶች አዙረውት ነበር። በሚሊዮን የሚለካው የጋዝ መጠን በሰዓት ሲባዛ 600 ቢሆን ጥቂት ይሰማል፣ 900 ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ 1500 ለሕይወት ያሰጋል የሚለው ቀላል ስሌት የእነርሱ ነው። በተዘጋ የአንድ መኪና ጋራዥ ሞተር አስነስቶ ማሞቅ በደቂቃዎች ውስጥ ገዳይ መሆኑን ያስተማሩትም እነርሱ ናቸው። በ84 ቬንቲሌተሮች የሚተነፍስ መሿለኪያ ሲሠራ፣ ባለመኪናው አንድም ቀዳዳ በሌለው ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን ማሞቁን አልተወም ነበር።

ሁለተኛው አደጋ ከታች ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ስለሚከብድ እንደ ውሃ በወለል ላይ ይተኛል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል። በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ሲሆን ብልጭታ ይበቃዋል። ሩብ ሊትር ቤንዚን ፈስሶ ሙሉ በሙሉ ቢተን ወደ 4 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ተቀጣጣይ ያደርጋል፤ ይህም 20 ሜትር ካሬ ስፋት ባለው ወለል ላይ ቢነጠፍ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። የአሜሪካ ደንቦች በጋራዥ ውስጥ እሳት ወይም ብልጭታ የሚያወጣ ዕቃ ከወለሉ ቢያንስ 18 ኢንች፣ ማለት 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ያዘዙበት ምክንያት ከዚህ ስሌት ይታያል። መኪና ከሥሩ የሚፈተሽበት ጉድጓድ ካለ ግን ተኑ ወደዚያ ስለሚወርድ ጉድጓዱ በሙሉ እንደ አደገኛ ቦታ ይቈጠራል።

ነበልባልን ከተቀጣጣይ ጋዝ የመለየት ጥበብም ከማዕድን ማውጫ የመጣ ነው። በ1812 በእንግሊዝ አገር በፌሊንግ በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎችና ልጆች ካለቁ በኋላ፣ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 መብራትን በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ከበበ። አየር በወንፊቱ ያልፋል፤ ነበልባሉ ግን ሽቦው ሙቀቱን ስለሚነጥቀው ሊያልፍ አይችልም። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ መርሆ የተሠሩ ትናንሽ የላምባ ማሞቂያዎች ለእንግሊዝ ባለመኪናዎች ይሸጡ ነበር። ከተን ይጠብቁ ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ወንፊት አያግደውም። ብዙ ማሞቂያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን አደጋ ሲዘጋ ሌላውን ክፍት ይተዋል።

ትልልቆቹ ጋራዦች የያዙት መንገድ ከዚህ የተሻለ ነበር። ቦይለሩን በግድግዳ በተለየ ሌላ ክፍል አስቀምጠው የሞቀ ውሃ ወይም እንፋሎት በቧንቧ ወደ ሥራው ቦታ ያስገቡ ነበር። የቧንቧው ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ሲሆን፣ ቤንዚን ያለ ብልጭታ በራሱ የሚቀጣጠለው ከ240 ዲግሪ በላይ ነው። ወጪው ግን ለግል ጋራዥ አይቀመስም። አልበርት ማርሽ ኒክሮም የተባለውን የኒኬልና የክሮሚየም ውሕድ በ1906 ፓተንት ካስወጣ በኋላ የመጣው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የመጀመሪያውን አደጋ ፈጽሞ አስወገደ። ነገር ግን የቀላ ሽቦ ተንን ያቀጣጥላል፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ብልጭታ አለው፤ ስለዚህ በወለል ላይ ማስቀመጡ አይፈቀድም።

ጢስ መውጫ የሌላቸው የጋዝ ማሞቂያዎች ደግሞ በፈረንሳይ የተፈጠረ መቈጣጠሪያ ተጨመረላቸው፤ በክፍሉ ያለው ኦክሲጂን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ሲወርድ ማሞቂያውን ያጠፋል። ብልህ ሥራ ነው። ሆኖም የሚለካው ኦክሲጂንን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይደለም። በአጠገቡ የተነሣ ሞተር ክፍሉን ሲመርዝ ኦክሲጂኑ ያን ያህል ሳይቀንስ ሰው ሊሞት ይችላል፤ መቈጣጠሪያውም ዝም ይላል። ሁለቱንም አደጋ በአንድነት የሚመልሰው ለማቃጠያው የሚያስፈልገውን አየር በቧንቧ ከውጭ የሚስበውና ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚመልሰው ዝግ ማሞቂያ ነው። እሳቱ በጋራዡ ውስጥ ቢሆንም የጋራዡን አየር አይነካም። በግድግዳ ላይ ወይም በጣሪያ ሥር ከተሰቀለ ደግሞ የከፍታውንም ደንብ ይፈጽማል። ማሞቂያው ይህን ሲያደርግ ሞተሩን ግን ማንም አልዘጋውም፤ ስለዚህ የሞተሩን ጭስ በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣትና ካርቦን ሞኖክሳይድን በቀጥታ የሚለካ ማስጠንቀቂያ መስቀል ሳይቀር ይኖርበታል።

የዴቪ ወንፊት በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ተመልሷል። በአሜሪካ ብዙ ቤቶች የውሃ ማሞቂያቸውን በጋራዥ ውስጥ ያቆማሉ፤ ከፈሰሰ ቤንዚን የተነሣው ተንም በማሞቂያው እሳት እየተቀጣጠለ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ከ2003 ጀምሮ የተለመዱት የቤት ጋዝ ውሃ ማሞቂያዎች ከሥራቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት የብረት ሳህን እንዲኖራቸው ተደረገ፤ አየርና ተን በሳህኑ ገብተው ከውስጥ ይነዳሉ፣ ነበልባሉ ግን ወደ ወለሉ አይመለስም። ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች አንዳንዶቹ አቧራና ብናኝ ቀዳዳዎቻቸውን እየደፈነ አየር ስላጡ ይጠፉ ነበር፤ በየጊዜው የሚጸዳ ማጣሪያም ከሳህኑ በታች ተጨመረላቸው።