የታዳጊዎች የአእምሮ ጤናና የመንግሥት ፖሊሲ፤ በተለይም ስለ አዊ

የአገራችን ተማሪ ስለ ሌላው ችግር አደባባይ ወጥቶ መናገር ከጀመረ ስድሳ ዓመት አልፎታል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ ጠይቀው ተሰለፉ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ችግረኞች ከአዲስ አበባ ጎዳና እየተለቀሙ በሾላ መታጎራቸውን በመቃወም ድህነት ወንጀል አለመሆኑን አሰሙ። ስለ ራሱ ስለ ወጣቱ አእምሮ ግን ይህን የመሰለ ድምፅ ጎልቶ አልተሰማም። ምክንያቱን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን፤ ለምሳሌም አዊን እንወስዳለን።

የመጀመሪያው ምክንያት የሕክምናው ርቀት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን የተመደበ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ቤተሰብ ልጁ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ሲርቅ፣ ትምህርቱን ሲተው፣ በቅርብ የሚያገኘው ጠበልንና የዘመድን ምክር ነበር። በዚህ ቤተሰቡን መንቀፍ አይገባም፤ ሌላ አማራጭ አልቀረበለትምና። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ። ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወጣቱ የታየበት ዓይን ነው። ጊልና ቫን ሉይክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ስለሚገኙ 50 ጥፋተኛ ታዳጊዎች የአእምሮ ሁኔታ ያጠኑትን በ1970 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ጥናቱ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ከተመራማሪ ዓይን የገቡት ሕግ ከጣሱ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማንንም ሳያስቸግር በዝምታ የሚጨነቀው የገጠር ተማሪ ከእንዲህ ያለው መዝገብ ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት የዕድሜ ወሰን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከአእምሮ ሕመሞች እኩሌታው እስከ 14 ዓመት ድረስ እንደሚጀምሩ ሲያስታውቅ ቆይቷል። እንግዲህ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፖሊሲው ልጁን ወጣት ብሎ ከመጥራቱ በፊት ነው። የ13 ዓመት ልጅ በሕፃንነቷ ጥበቃ ይታሰብላታል እንጂ በወጣትነቷ ምክር አትጠየቅም። ሆኖም ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና እንዲደመጥ በ12ኛው አንቀጽ ይደነግጋል።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስለ ፖሊሲ ምን ያውቃል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእኛ አስተያየት ልጁ ስለ መድኃኒት እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሲገባ ማን እንዳያየው እንደሚፈራ፣ ከመምህራኑ ለማን ሊነግር እንደሚደፍር፣ ጭንቀቱንም በምን ቃል እንደሚጠራው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ክሊፎርድ ቢርስ የተባለው አሜሪካዊ ታሞ በሆስፒታል ያየውን በ1908 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ በአገሩ ለአእምሮ ጤና የሚሟገት ማኅበር የተነሣው ከሐኪም ሳይሆን ከሕመምተኛ ምስክርነት ነው።

የአዊ ሕዝብ ተሰብስቦ ለመመካከር እንግዳ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን የዓድዋን ፈረሶች ከማሰቡም በላይ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ደግሞ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅዶ ነበር። ስለዚህ የጎደለው መሰብሰቢያ ሳይሆን ታዳጊው የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራን ክልል የመታው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለ ዘጋ፣ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። የወረዳው የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ስለ ልጆች አእምሮ ሲወስኑ፣ አስቀድመው ልጆቹን በአዊኛና በአማርኛ ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በመዝገብ ይጻፉ። በ1958 ዓ.ም. ተማሪው ስለ ድኻ መናገር ከቻለ፣ የዛሬው ታዳጊ ስለ ራሱ እንዳይናገር የሚከለክለው አንዳች ምክንያት አይታየንም።