የአድዋ መደብ ሰርጓጅ መርከቦች

የአድዋ መደብ (በጣሊያንኛ አጠራር «አዱዋ») የጣሊያን ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 ወደ አገልግሎት ያስገባቸው 17 ሰርጓጅ መርከቦች የጋራ መጠሪያ ነው። ከነዚህ 13ቱ የተሰየሙት በኢትዮጵያ ቦታዎች ነበር፦ አድዋ፣ አክሱም፣ አምባ አላጌ፣ አምባ አራዶም፣ አሸንጌ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ነጌሌ፣ ደገሃቡርና ዋቢ ሸበሌ። የቀሩት አራቱ የኤርትራና የሶማሊያ ስሞችን ይዘዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈችው «አላጊ» (አምባ አላጌ) ብቻ ናት። በሌሎቹ ውስጥ ያለቁት መርከበኞች ቤተሰቦች ስለ ዘመዶቻቸው ያወቁት ከመዝገብ ቤት ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከባሕር ወለልና ከባሕር ዳርቻ ፍለጋም ጭምር ነው።

ስያሜ

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ተያዘች፤ የመደቡ የመጀመሪያ መርከብ «አዱዋ» ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ባሕር ላይ ወረደች። ተምቤን፣ ሽሬ፣ አምባ አራዶምና አሸንጌ የዚያው ወረራ የጦር ሜዳዎች ነበሩ። አድዋ፣ አምባ አላጌና መቀሌ ግን በ1888 ዓ.ም. ጣሊያን የተሸነፈችባቸው ቦታዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ስያሜው አዲሱን ድል ከማክበር ይልቅ የቆየውን ሽንፈት ለማስረሳት የተደረገ ይመስላል።

የስሙ ጉዞ በተቃራኒው አቅጣጫም ሄዷል። በዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የሰፈሩ ስም ዛሬም ይጠራል። በብረት ላይ የተጻፉት የኢትዮጵያ ስሞች ግን አብዛኞቹ ከባሕር በታች ናቸው።

አሠራር

መርከቦቹ 60 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ስድስት የቶርፔዶ ማስወንጨፊያ (አራት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ) እና ከ40 በላይ መርከበኞች ነበሯቸው። በውጊያ ውጤት የታወቀችው «አክሱም» ናት። ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ ማልታ በሚሄድ የእንግሊዝ የመርከብ ጉዞ ላይ በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው ቶርፔዶዎች «ካይሮ» የተባለችውን የጦር መርከብ ለጥፋት ዳርጋለች፤ «ናይጄሪያ»ንና ነዳጅ ጫኟን «ኦሃዮ»ንም አቁስላለች።

«ማካሌ» (መቀሌ)

«ማካሌ» ከምጽዋ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 10፣ 1940) ማለትም ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት ዕለት ወጥታ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ሄደች። በጉዞው ላይ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚወጣ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ መርከበኞቹን መረዘ። ጋዙ በቀላሉ ስለማይሸት ማንም በጊዜ አላወቀውም፤ የቅዠትና የግራ መጋባት ስሜትም ያመጣል። መርከቧ ሰኔ 8 ቀን ለሊት «ባራ ሙሳ ከቢር» በተባለች ምድረ በዳ ደሴት አጠገብ ካለ የኮራል ድንጋይ ጋር ተጋጨች። ሰዎቹ ወደ ደሴቷ ወጡ፤ መርከቧ ግን ከድንጋዩ ተንሸራታ ወደ ጥልቁ ገባች።

ኤሊዮ ሳንድሮኒ የተባለ መኮንን ከሁለት መርከበኞች ጋር በትንሽ ጀልባ ተነሥቶ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ደረሰና ዕርዳታ ጠራ። የቀሩትን «ጉልዬልሞቲ» የተባለች ሌላ ሰርጓጅ መርከብ ሰኔ 15 ቀን አነሣቻቸው። ከዚያ በፊት ካርሎ አቼፋሎ የተባለ ወጣት መርከበኛ ሞቶ ጓደኞቹ በደሴቷ ቀብረውታል። ሌሎቹ በሙሉ ተርፈዋል።

መርከቧ የምትገኘው ጠላቂ ዋናተኛ ሊደርስበት ከሚችለው ጥልቀት በላይ ስለሆነ ፍለጋው በመርከቧ ሳይሆን በመቃብሩ ላይ አተኮረ። የአርጀንቲና የፊልም ሠሪ ሪካርዶ ፕሬቬ ከቡድኑ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በደሴቷ ላይ የአቼፋሎን አፅም አገኘ። አፅሙ በቀጣዩ ዓመት ወደ ጣሊያን ተመልሶ በትውልድ መንደሩ ካስቲልዮኔ ፋሌቶ ተቀበረ። ፍለጋው በዘጋቢ ፊልምም ቀርቧል። ደሴቷ ለ77 ዓመታት ያቆየችው መቃብር ለሰውዬው መንደር እንዲህ ተመለሰ።

«ሺሬ» (ሽሬ)

በዝነኝነት ቀዳሚዋ «ሺሬ» ናት። ጠላቂዎች የሚጋልቧቸውን ቀስ ብለው የሚሄዱ ቶርፔዶዎች እንድትሸከም ተብሎ መድፏ ተነሥቶ በጀርባዋ ላይ ሦስት ሲሊንደሮች ተገጠሙላት። በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. በእስክንድርያ ወደብ የእንግሊዝን «ኩዊን ኤልዛቤት» እና «ቫልያንት» ያቆሰሉትን ጠላቂዎች ያደረሰች እሷ ናት። ነሐሴ 4 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 10፣ 1942) በሃይፋ አጠገብ በእንግሊዝ መርከብ «አይላይ» ተመትታ ሰጠመች፤ ከውስጧ ማንም አልተረፈም።

ቅሪቷ በ33 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ስለሚገኝ፣ ከ«ማካሌ» በተለየ ለጠላቂዎች ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች የ42 መርከበኞችን አፅም አውጥተው በባሪ ከተማ በሚገኘው የወታደሮች መታሰቢያ አሳረፉ። ለቤተሰቦቻቸው ይህ ከ42 ዓመት በኋላ የመጣ ቀብር ነበር። ከመርከቧ የተቆረጠ የፊተኛው አካል ክፍልም በሮም ለእይታ ቀርቧል።

የቅሪቶቹ ሕጋዊ ሁኔታ

በአጠቃላይ ተቀባይነት ባለው አሠራር የሰመጠ የጦር መርከብ የባንዲራው አገር ንብረት ሆኖ ይቀጥላል፤ ውስጡ ሰው ካለቀበት ደግሞ እንደ መቃብር ይቆጠራል። ስለዚህ ጠላቂ ያየውን ፎቶግራፍ ማንሳትና መለካት ይችላል እንጂ ያለ ፈቃድ አንዲት ብሎን እንኳ ነቅሎ መውሰድ የለበትም። የመርከቧን ማንነት ለመለየትም የቶርፔዶ ማስወንጨፊያዎች አቀማመጥ፣ የመድፉ ቦታና፣ እንደ «ሺሬ»ም ቢሆን፣ የሲሊንደሮቹ መኖር ጠቃሚ ፍንጭ ይሆናሉ። የዩኔስኮ የ2001 የውኃ ውስጥ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት የሚመለከተው ቢያንስ 100 ዓመት በውኃ ውስጥ የቆየን ቅርስ ነው። በዚህ ስሌት «ማካሌ» እ.ኤ.አ. በ2040፣ «ሺሬ» ደግሞ በ2042 ወደ ስምምነቱ ጥላ ይገባሉ።