ውኃና ግመል፦ የሂክስ ፓሻ ዘመቻ በኮርዶፋን

የሸይካን ድል ሲተረክ ጎልቶ የሚነሣው የአንሷሮቹ ጽናት ነው። ጽናታቸው አይካድም። ሆኖም ለተማሪዎቻችን ስንተርክ የድሉን ግማሽ ታሪክ የያዙትን ጉድጓዶችና ግመሎች መዝለል አይገባንም።

አል-ዑበይድ በጥር 1883 እ.ኤ.አ. በሙሐመድ አሕመድ አል-ማህዲ እጅ ከወደቀች በኋላ የካይሮ መንግሥት ከተማዪቱን እንዲያስመልስ የላከው ጡረተኛውን እንግሊዛዊ መኮንን ዊሊያም ሂክስን ነበር። ብሪታኒያ ግብፅን በጦር ከያዘች ዓመት ቢሞላትም ለዘመቻው ኃላፊነት እንደማትወስድ አስታወቀች፤ ወጪው ዕዳ ባጎበጠው የግብፅ ግምጃ ቤት ላይ ወደቀ። ከወታደሮቹም ብዙዎቹ በተል አል-ከቢር ከተሸነፈው የዑራቢ ፓሻ ጦር የተረፉ፣ ሳይወዱ ወደ ሱዳን የተጋዙ ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያ በረሃ የወደቁት እነማን እንደነበሩ ለማወቅ ይህ ብቻ ይበቃል።

ወደ 10,000 የሚጠጋ ሠራዊትና ከ5,000 በላይ ግመል በመስከረም ወር ከዱወይም ተነሣ። በባራ በኩል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ውኃው ግን ጥቂት ነው። በራሃድ በኩል የሚዞረው ረዥም ቢሆንም ውኃ ስለሚሻል እርሱ ተመረጠ። ሂክስ በየመንገዱ ምሽግ እየሠራ ከዓባይ ጋር ያለውን የስንቅ መስመር ለመጠበቅ አስቦ ነበር። ጠቅላይ ገዢው ዓላእ አድ-ዲን ፓሻ ግን ሠራዊቱ ይሳሳል ብሎ ተቃወመ፤ ሂክስም ተወው። በእኔ ግምት ዘመቻው ያለቀለት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ያለው ስንቅ በግመል ጀርባ የተጫነው ብቻ ነበርና።

አንሷሮቹ ለውጊያ አልቸኮሉም። ሕዝቡን ከየመንደሩ አስወጡ፣ ጉድጓዶችን ደፈኑ፣ ሠራዊቱን ከኋላ ተከተሉት። ወታደሮቹ ጥቃት ስለፈሩ በአራት ማዕዘን ተሰልፈው ግመሎቹን መሐል አስገቡ፤ እንስሳቱም ለግጦሽ መውጣት ተከለከሉ። የተራቡት ግመሎች የኮርቻቸውን ድርቆሽ በሉ፤ ባዶ የቀረው እንጨት ጀርባቸውን ላጠው፤ በየቀኑም ወደቁ። የወደቀው ግመል ጭነት በቀሪዎቹ ላይ ተጨመረ።

ኅዳር 5 ቀን 1883 እ.ኤ.አ. በሸይካን ደን ውስጥ ጥም ያደከመው ሠራዊት ከነአዛዡ አለቀ፤ የተረፉት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ግብፅ ሱዳንን እንድትለቅ ተወሰነ። በከሰላና በሌሎች ምሽጎች የተከበቡት የግብፅ ጦሮች መውጫ ሲፈለግላቸውም መንገዱ በሐበሻ ምድር ወደ ምጽዋ ሆነ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1884 እ.ኤ.አ. በዐድዋ የፈረሙት ውል ይህንኑ ይዟል። አንሷሮቹም ከዚያ ወዲያ ንጉሡን ከጠላታቸው ጋር ቆጠሯቸው።