የሆስፒታል ሠራተኞች ስለ ሕሙማን ደኅንነት ያላቸው አመለካከት

ሆስፒታል ተኝተው የወጡ አባቶችና እናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። «ነርሷ መድኃኒት ይዛ በመጣች ቁጥር ስሜን ትጠይቀኛለች፤ ጠዋት ነግሬያት የለም ወይ?» ይላሉ። አንዳንዱ እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፤ ሌላው እንደ ጥርጣሬ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ደጋግማ የምትጠይቀው ነርስ «እኔም ልሳሳት እችላለሁ» ብላ የምታስብ ነርስ ናት። የሕሙማን ደኅንነት የሚጀምረውም ከዚህ አስተሳሰብ ነው።

የሕሙማን ደኅንነት ምንድን ነው?

የሕሙማን ደኅንነት ማለት ሰው ለመዳን በገባበት ቦታ፣ በሕመሙ ሳይሆን በሕክምናው ምክንያት እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው። የመድኃኒት መሳሳት፣ የአንዱ ሕመምተኛ ምርመራ በሌላው ስም መመዝገብ፣ ከአልጋ መውደቅ፣ ባልታጠበ እጅ የሚተላለፍ ጀርም፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የዓለምን ትኩረት የሳበው በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባወጣው ዘገባ፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች በሕክምና ስሕተት እንደሚሞቱ ገመተ። የዘገባው ዋና ነጥብ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከመጥፎ ሰዎች ሳይሆን ከአሠራር ጉድለት ነው የሚል ነበር።

በእስራኤል የተገኘው

ከዚያ ዘገባ አስቀድሞ በ1995 አንድ የእስራኤል ጥናት ታትሞ ነበር። ጥናቱን ያካሄዱት ፕሮፌሰር ዮኤል ዶንቺንና የቴክኒዮን ባለሙያዎች ሲሆኑ ቦታው በኢየሩሳሌም የሐዳሳ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል (ቲፑል ንምራጽ) ነበር። ለአንድ ሕመምተኛ በቀን በአማካይ 178 ልዩ ልዩ ሥራዎች ይሠሩለታል፤ ከእነዚህም ውስጥ በአማካይ 1.7 ስሕተት ይፈጸማል። ከመቶው 99 ያህሉ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው። ሆኖም ሥራው ብዙ ስለሆነ ያች አንዲት ከመቶ በየቀኑ ትደርሳለች።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የሚከተለው ነው። ሐኪምና ነርስ በቃል የተነጋገሩት ከጠቅላላው ሥራ በ2 በመቶው ብቻ ነበር። ከተመዘገቡት ስሕተቶች ግን 37 በመቶው ከዚህ ንግግር ጋር የተያያዙ ነበሩ። ስሕተት የሚፈጠረው በእጅ ብቻ ሳይሆን በአፍና በጆሮም ጭምር ነው።

ሠራተኞቹ ምን ያስባሉ?

በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቆ መልሳቸውን ከአውሮፕላን አብራሪዎች መልስ ጋር አነጻጸረ። ቢደክመኝም በአስቸጋሪ ሰዓት ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ ያሉት አብራሪዎች 26 በመቶ ሲሆኑ፣ ከከፍተኛ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ግን 70 በመቶው እንዲህ ብለዋል። የበታች ሠራተኛ ለአለቃው ሐሳብ መስጠት የለበትም የሚለውን አሠራር አብራሪዎቹ 97 በመቶ ሲቃወሙ፣ ከከፍተኛ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የተቃወሙት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ ስሕተት መነጋገር እንደሚከብዳቸው ገለጹ።

ለምን ይከብዳል? አንዱ ቅጣትን ይፈራል፤ ሌላው ስሙ እንዳይጠፋ ይሰጋል፤ ወጣቷ ነርስ ደግሞ ታላቁን ፕሮፌሰር «ይህ መጠን በዝቷል» ለማለት ታፍራለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባላችን ለሕመምተኛ ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ ለሆስፒታልም ይሠራል። የተደበቀ ስሕተት ነገ በሌላ ሰው ላይ ይደገማል።

ዛሬ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ሠራተኞቻቸውን በመጠይቅ ይመረምራሉ። ስሕተት ሲያዩ ይናገራሉ ወይ? አለቃቸው ይሰማቸዋል ወይ? እነርሱ ራሳቸው ቢታመሙ በዚህ ክፍል ለመታከም ይደፍራሉ ወይ? የመልሱ ዓይነት ስለ ክፍሉ ደኅንነት ብዙ ይናገራል።

አመለካከት ሲለወጥ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ለቀዶ ጥገና የሚሆን አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገራል፤ ሕመምተኛው ማን እንደሆነና የቱ ቦታ እንደሚቀደድ በጋራ ያረጋግጣሉ። በስምንት ከተሞች በተደረገና በ2009 በታተመ ጥናት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚከተል ጉዳትም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ስሙን የተናገረ ሰው ችግር ሲያይም ለመናገር ይቀለዋል።

በእስራኤል በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግም ይህንን ያስባል። በሕጉ መሠረት የጥራት ኮሚቴ ውይይት በምስጢር ይያዛል፤ ዓላማው ሠራተኞች ሳይፈሩ እንዲናገሩ ነው። ስለ ሕመምተኛው የተረጋገጠው ፍሬ ነገር ግን በሕክምና መዝገቡ ይገባል። መርማሪ ኮሚቴ ከተቋቋመ ደግሞ ግኝቱ ለሕመምተኛው ይሰጠዋል።

የእኛ ድርሻ

በባህላችን ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል። ያልገባንን ነገር ለአክብሮት ስንል ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። የሠራተኛው ዝምታና የእኛ ጨዋነት ሲገናኙ ስሕተቱን የሚይዘው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ፦

1. ስምዎንና የመታወቂያ ቁጥርዎን (ሚስፓር ዘኡት) ሲጠይቁዎት ሳይሰለቹ ይመልሱ። በማኅበረሰባችን ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው፤ የብዙ ሽማግሌዎች የልደት ቀንም በግምት የተመዘገበ ነው። የእጅ አምባሩ ላይ ያለው ቁጥር የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ።

2. ልጅን አስተርጓሚ አያድርጉ። «ልቤን አመመኝ» የሚል እናት ሆዷን ወይም ጭንቀቷን ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን «ሌብ» ብሎ ለልብ ሐኪም ሊነግር ይችላል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና በ2013 ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሖሊሞች የቋንቋ እርዳታ እንዲያመቻቹ ታዘዋል። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

3. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በቤት የተዘጋጀውን የባህል መድኃኒት ጭምር፣ ይናገሩ። የማይስማማዎት መድኃኒት ካለም ቀድመው ይንገሩ።

4. ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ሕጉ ሐኪሙ በሚገባዎት መንገድ እንዲያስረዳዎት ያስገድዳል። የሚያክምዎትን ሰው ስምና ሥራ ማወቅ፣ የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅና የመዝገብዎን ግልባጭ መውሰድም መብትዎ ነው።

5. የተሰጠዎትን መመሪያ በራስዎ ቃል መልሰው ለሐኪሙ ይንገሩ። ስሕተት ካለ ወዲያው ይታያል።

6. ስሕተት ደርሷል ብለው ካሰቡ በየሆስፒታሉ የሕሙማን መብት ኃላፊ አለ። «ዝኹዮት ሃሜቱፓል» ብለው ይጠይቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 17 የሕሙማን ደኅንነት ቀንን ያስባል። የ2023ቱ ቀን ጉዳይ ሕሙማን ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ማድረግ ነበር። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ። በሆስፒታል ደግሞ መጠየቅ ሕይወትን ያተርፋል። ነርሷ ሦስተኛ ጊዜ ስምዎን ስትጠይቅ በፈገግታ ይመልሱላት፤ ከዚያም እርስዎ በተራዎ «ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋት።